የዋንዛው በር

ባልየው በሩ የተሠራው ከእርጥብ እንጨት ነው አለ። አናጢው ጋሽ ደምሰው ደግሞ ዋንዛውን አንድ በጋ ሙሉ ጥላ ሥር ደርድሬ አድርቄዋለሁ አሉ። ሚስትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የሌላ ሰው ቤት ወሬ እንደምትሰማ ሁሉ ሁለቱንም ታዳምጣለች።

«ታዲያ መወርወሪያው ለምን መቃኑ ጋ አይደርስም?» አለ ባልየው።

ጋሽ ደምሰው የመኝታ ቤቱን በር በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ጥፋቱስ የኔ ነው። መቃኑን ከግንዱ መሃል አወጣሁ፤ በሩን ከልጡ አጠገብ። አንድ ዛፍ ስለሆነ እኩል የሚደርቅ መስሎኝ። የዳሩ ለካ ውሃ ይዞ ቆይቷል፤ አሁን ሲደርቅ ጠበበ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ያስተካክሉልኝ! በእርስዎ የተነሳ ይኸው ከሰኞ ጀምሮ ሥራ አልሄድኩም።»

«በር ጠበበ ብሎ ከሥራ የሚቀር ሰው ገና ዛሬ አየሁ» ብለው ሳቁ ጋሽ ደምሰው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ ዝጊና የውስጡንም ወርውሪልኝ፤ ልለካው።»

«የውስጥ የለውም» አለች። «የውጩ ብቻ ነው።»

አናጢው ሜትራቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ባልየው ወደ መሬት አየ። እሷ ተነስታ ጫማዋን አጠለቀችና ደፉን ተሻገረች።

«ይተዉት ጋሽ ደምሰው» አለች፣ ውሃ እንደሚጠይቅ ሰው በዝግታ። «እስከ መናኸሪያው አብሬዎት እሄዳለሁ።»