የባንቲሁን ቀኝ ጉልበት

«ተጫነው እንጂ!» አለች ጀዋሪያ። ባንቲሁን አልተጫነውም።

ከቀኝ ጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አለ። የታዘዘው ፎጣውን በጉልበቱ ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ፣ ከዚያም ተረከዙን እየጎተተ እግሩን ማጠፍ ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚሠራው ነገር ነው። ባንቲሁን ግን የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጁ አንቆ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ እግሩ እንደ ግንድ ተገትሯል።

ሚስቱ በለጡ ጥግ ካለው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቆሽቷ እያረረ ታየዋለች። ለዛሬ ብላ በተመላላሽነት ከምትሠራላት ማዳም ጋር ተጨቃጭቃለች፤ ከጅቡቲ ከተማ እስከ ዳርቻዋ ፔካ 12 በሚኒባስ ተጋፍታ መጥታለች። ክሊኒኳ ከአውራ ጎዳናው ጥግ የተለጠፈች ናት። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ማራገቢያውም ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር የፈየደው የለም።

«አጥንትህ ገጥሟል፣ ሐኪሙ ራሱ ብሏል፤» አለች ጀዋሪያ። ድሬዳዋ ተወልዳ ጅቡቲ ያገባች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ አማርኛዋም እንደ እጇ ፈጣን ነው። «አሁን የቀረው ጡንቻውና ጅማቱ ነው። ካላሠራኸው እንደተገተረ ይቀራል፣ ሰማህ አቦ? ዋላሂ እንጨት ነው የሚሆነው! ሹፌር አይደለህ? በቃ ፍሬን እንደምትረግጥ አድርገህ ተጫነው።»

ፍሬን ስትል ባንቲሁን ዐይኑን ጨፈነ። ከጉልበቱ በላይ ያለው ሥጋ ተንዘፈዘፈና ጭራሽ ደረቀ።

«አልቻልኩም። ያመኛል።»

«ያመኛል!» በለጡ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። «ታዲያ ሌሊት ሌሊት እንደ በቅሎ ሲራገጥ የሚያድረው ማን ነው?» ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ የጠቆረ ቅልጥሟን አሳየች። «እይልኝ እህቴ! በዚሁ አልታጠፍ ባለው እግሩ ነው እንዲህ ያደረገኝ። እንቅልፍ ሲወስደው ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይራገጣል። ሲነጋ ሽባ!»

«በለጡ፣ ሰው ፊት...»

«ሰው ፊት ምን? ጋሽ ተክለወልድ ዛሬ ይደውላል። በወር ውስጥ መንዳት ይችላል ካልተባለ መኪናዬን ለሌላ ሹፌር፣ ለደስታው እሰጣለሁ ብሎሃል። ደስታው ደግሞ አንዴ መሪ ከጨበጠ መቼ ይለቃል? እኔስ ብሆን የሰው ወለል በጉልበቴ ስፈገፍግ የምውለው ጉልበቴ ብረት ሆኖ ነው? ማን አመመሽ ብሎኝ ያውቃል?»

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ይሄ ሰው አውቆ ነው የተኛው፤ በለጡ ይህን ካመነች ሰነባብታለች። ከጭነት ላይ ወደቅኩ ብሎ በሰው ትከሻ ተደግፎ የመጣ ዕለት አልቅሳለታለች። አሁን ግን ጫቱና ፍራሹ ጥሞት ነው የምትለው፤ ስትለውም አፏ አይመለስም።

«በጩኸት የታጠፈ ጉልበት አላየሁም፤» አለች ጀዋሪያና ተረከዙን በመዳፏ ያዘች። «ቀስ ብለን እንሞክር። ቁልቁለት ላይ ነህ እንበል...»

ከውጭ አንድ ተሳቢ መኪና ሊቆም የፍሬኑን አየር ጢስስ አድርጎ ለቀቀ።

ያ አልታጠፍ ያለ እግር ከጀዋሪያ እጅ ተመንጭቆ ታጠፈ፤ ተወርውሮም የአልጋውን የግርጌ ብረት ረገጠ። አልጋው ጓ አለ። ፎጣው ወለሉ ላይ ወደቀ።

በለጡ «አየሽ!» ልትል አፏን ከፈተች። ግን የባሏን ፊት አየችና ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ እግሩ አሁንም ብረቱን እየገፋ ነው።

«ረገጥኩት፤» አለ። «ደጋግሜ ረገጥኩት። አልያዘም።»

«ምኑ?»

«ፍሬኑ። ከጭነት ላይ አልወደቅኩም፣ በለጡ። አርታ ቁልቁለት ላይ ነው። በግራ ገደል ነበር፤ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዝኩት፣ ድንጋዩ አቆመኝ።» «የፍሬን ሸራው አልቋል ብዬ ለጋሽ ተክለወልድ ነግሬው ነበር። ይህችን ጭነት ወደብ አድርስና ስትመለስ ይቀየራል አለኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ከጭነት ላይ ወደቅኩ በል አለኝ። አልኩ።»

የበለጡ ቁጣ አልበረደም፤ ስንት ሳምንት ሙሉ ያለ አድራሻው ስትልከው ከርማ ዛሬ ገና ባለቤቱን አገኘ እንጂ።

«እኔስ?» አለች። «አንተ ድንጋይ! ለእኔስ አይነገርም? ስሰድብህ ስትሰማ ትከርማለህ?»

ወንበሯን እየጎተተች ግርጌው ዘንድ ተቀመጠች፤ በረኪና የሰነጣጠቀውን መዳፏን ከብረቱ ፊት አስገብታ የባሏን ውስጥ እግር ያዘች።

«እህቴ፣ እንዲህ ይሆናል?»

«ይሆናል፤» አለች ጀዋሪያ። «እሱ በቀስታ ይግፋ። አንቺ እጅሽን አጠንክሪ።»

ያን ጊዜ ከበለጡ ቦርሳ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚደውል አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አንሺው፤» አለ ባንቲሁን። «መኪናውን ይሰጥብኛል።»

«ይጩህ!» አለች ዐይኗን ከእግሩ ሳትነቅል። «እሱን አነጋግረዋለሁ፤ የሚሰማኝን ሁሉ ነው የምነግረው። አንተ አሁን ርገጥ!»

እግሩ መዳፏ ላይ ተንቀጠቀጠ። ስልኩ ቆመ፤ እንደገና ጮኸ። ከዚያ ጉልበቱ ቀስ እያለ መጣ፤ ክብደቱ በክርኗ አልፎ ትከሻዋ ላይ ደረሰ። የወንበሩ እግር ሲሚንቶውን እየፋቀ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። በለጡ ጫማዋን ወለሉ ላይ ተከለች፤ ጥርሷን ነክሳ ያዘችው።