ግብር የከፈለ ውሃ

«እንደገና እንምረጥ» አለ የአካባቢ ብክለት አጥኚው ዶክተር ሰኢድ፣ ገብሱን ከጣሳው ወደ ከረጢቱ እየገለበጠ።

አሮጊቷ ዙቤዳ አሽሟጠጠች። ከአሰላ ቁልቁል ባለው ሜዳ፣ ወንዙ ዳር፣ የመንደሩ ሰው ተሰልፎ አንዳንድ ፍሬ ገብስ ጥሏል። ሦስት ጣሳ ነበር። አንዱ ወደ ወንዙ የሚደፋው የማቅለሚያ ፋብሪካ ቱቦ ይዘጋ ለሚል፣ አንዱ ፋብሪካው ለሚለቀው ቆሻሻ ግብር ይክፈል ለሚል፣ አንዱ መንግሥት ማጣሪያ ይግዛለት ለሚል። በአጥር ጉዳይ እንኳ ተስማምቶ የማያውቅ መንደር ገብሱን ሁሉ ይዘጋ የሚለው ጣሳ ውስጥ ጨመረው።

በዶክተሩ ዓይን ግን ሕዝቡ ነገሩ አልገባውም።

«እኛ ባለሙያዎች የምንመርጠው ግብሩን ነው» አለ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ረጋ ብሎ። «ቆሻሻው ሲወደድበት ፋብሪካው ራሱ ይቀንሳል። ቀስ በቀስ።»

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለ ጎረቤቷ ከዲሮ።

ዙቤዳ ሰውየውን ናቀችው። ስለ ወንዙ ጧት ሙሉ ሲያወራ ጫማው እንዳይነካው ወዲያ ርቆ ነው የቆመው። ደግሞም ፈራችው፤ ዞኑ የሚሰማው እሱን እንጂ የሷን ገብስ አይደለም። ቱቦው ካልተዘጋ እስክትሞት ድረስ የሶላት ውሃ ከላይኛው ምንጭ ልትቀዳ ነው። ዳገቱን የምትወጣበት ጉልበት ደግሞ አልቋል።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ደረሰ። ዶክተሩ ለሶላት ሊታጠብ እጅጌውን ሰበሰበ።

«አዴ ዙቤዳ፣ የዉዱእ ውሃ አያጡልኝም መቼም?»

«ወንዝ ዳር ሆነን?» አለችና ማንቆርቆሪያዋን ከወንዙ ሞልታ መጣች።

መዳፉ ላይ ስታፈስለት ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ መሰለ። አሸተተውና ፊቱን አጨማደደ።

«በዚህስ ዉዱእ አይያዝም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀለሙም ሽታውም ተለውጧል። ሌላ የለም?»

«ሌላው ዳገቱ ላይ ነው። በዚህ ጉልበቴ ሄጄ እስክመለስ የዙሁር ሰዓት ያልፍብዎታል።» ማንቆርቆሪያውን አላወረደችም። «ግብሩ ከተከፈለበትስ፣ ዶክተር? ያኔ ይያዝበታል?»

ዶክተሩ እጁን በመሐረቡ ጠራርጎ ደረቅ መሬት ፈለገ። ከዚያ ውሃ አጥቶ ለሶላት በአፈር እንደሚያብስ የበረሃ መንገደኛ ተንበረከከ፤ ሁለት መዳፉን አፈሩ ላይ መታ አድርጎ ፊቱን አበሰ።

ከጀርባው ወንዙ እየተንፏፏ ይወርዳል።