የወፍጮዎቹ እርቅ

«አያ ዋኘው ይጠየቅ» አለ ባለወፍጮው ቢያዝን፣ ዱቄት የለበሰ እጁን በሱሪው እየጠረገ። ሞተሩን አጥፍቶት ስለነበር ድምፁ በወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከሚገባው በላይ ጎልቶ ተሰማ። «እኛ የምንደብቀው ነገር የለም። ሽማግሌያችን ይኸው፣ ቁጭ ብሏል።»

አያ ዋኘው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ገብሱ እንደ ሁልጊዜው ወረፋ ሳይጠብቅ፣ ሚዛንም ሳይነካ፣ በቀጥታ ከወፍጮው አፍ ተጠግቶለታል። የሚፈልገው ነገር ቢኖር ዱቄቱን ጭኖ ቤቱ ገብቶ ጋደም ማለት ነው። ጉልበቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠዘጥዘው ነው የዋለው።

የጠየቀችው ልጅ ሚስጥር ትባላለች፤ ከጎንደር፣ ከንግድ ጽሕፈት ቤት የተላከች ናት። ማኪናዋን መንገዱ ዳር አቁማ፣ መጀመሪያ ማዶ ካለው ከወንዴ ወፍጮ ገባች፤ ቀጥላ እዚህ መጣች። ጥያቄዋ ሁለቱም ጋ ያው አንድ ነው፤ ዋጋችሁ ሁልጊዜ እኩል የሚሆነው ተነጋግራችሁ ነው ወይ? ይክዱኛል ብላ ሳትጠብቅ አልቀረችም። ወንዴም ቢያዝንም ግን ደረታቸውን ነፍተው አዎ አሏት። ታርቀናል እኮ አሏት።

እርቁንማ ከዋኘው በላይ ማን ያውቀዋል። ወንዴ ሁለተኛውን ወፍጮ የተከለ ዓመት፣ ከኮሶዬ በላይ ያለው አገር ሁሉ ሰርግ የዋለ ይመስል ነበር። አንዱ ዋጋ ሲቀንስ ሌላውም ይቀንሳል፤ አንዱ ጆንያውን አህያ ላይ ሲጭን ሌላው እስከ ቤት ያደርሳል። ሴቶቹ መንገዱ መሀል ቆመው የቱ ጋ እንግባ እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ከዚያ አንድ ማለዳ የወንዴን ወፍጮ ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ በቢላ ተቆርጦ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ የቢያዝን ጣራ በጥይት ተበሳ።

ደም ሳይፈስ ብሎ ዋኘው ሽማግሌ ሰብስቦ ገባበት። ስንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀምጦ፣ አንዱን ሲያባብል ሌላው እየተነሣበት፣ በመጨረሻ አስማላቸው፤ አንዱ ከሌላው ዋጋ ዝቅ እንዳይል። ዋጋውም ማንም እንዳይከፋው ከፍ ባለው ጸና። ያን ቀን አገሩ እልል ብሏል። ከዚያ ወዲህ ናፍጣ ቢረክስም ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሄዶ አያውቅም፤ የቱ ጋ እንግባ የሚልም ሰው ጠፋ። ዋኘው ግን በሁለቱም ቤት በነፃ ያስፈጫል። ላስታረቀ ሰው ይኼ አይበዛበትም ተብሎ ነው።

«አባቴ» አለች ሚስጥር። ድምፅዋ ብዙ መንገድ የዞረ ሰው ድምፅ ነው። ሁለት ነጋዴዎች ዋጋ እንዳይቀንሱ መስማማታቸው በሕግ የተከለከለ መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳችው። ዋጋው እንዲህ ከታሰረ ሁለት ወፍጮ መኖሩ ለሕዝቡ ምን ይጠቅመዋል አለችው። «እርስዎ ፊት ነው የተስማሙት?»

ዋኘው ጉልበቱን እያሸ አሰበው። አዎ ካለ መሐላው ይፈርሳል፤ መሐላው ከፈረሰ ቺንጋ ይቆረጣል፤ ከቺንጋ ቀጥሎ የሚመጣውን እግዜር ነው የሚያውቀው። የለም ካለ ደግሞ በዚያ በሚሸመግልበት አንደበቱ ሊዋሽ ነው። መናገሩንም ዝም ማለቱንም እኩል ፈራ።

«ልጄ፣ አንቺ የዋጋ ስምምነት ትይዋለሽ» አለ በመጨረሻ። «እኛ እርቅ ነው የምንለው። ከእርቅ ምን ክፋት ይወጣል?»

ከወረፋው ጫፍ ሽታዬ ቀና አለች። ሽታዬ ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ናት። ከእርቁ ወዲህ የእህሏን ግማሽ በቤቷ፣ በእጅ ወፍጮ ነው የምትፈጨው። ቤታቸው ጎን ለጎን ስለሆነ ጎህ ሲቀድ የድንጋዩን ድምፅ ይሰማዋል። በሰማ ቁጥር ልማድ ሆኖባት ነው እያለ ተገላብጦ ይተኛ ነበር።

«አያ ዋኘው፣ ሸጋ አስታርቀሃል» አለች። የተቆጣች አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው። «ለቢያዝን ወገን ሽማግሌ ተቀመጠ። ለወንዴም ወገን ተቀመጠ። ለኛስ፣ ለአስፈጪዎቹ፣ ማን ተቀመጠልን?»

ዋኘው ከጥዱ ሥር የነበሩትን አንድ በአንድ አሰባቸው፤ በቀኝ እነማን፣ በግራ እነማን እንደነበሩ። ሽታዬም ነበረች። እሷና ሌሎቹ ሴቶች ለእርቁ የጠመቁትን ጠላ በጋን ተሸክመው አምጥተው፣ ከኋላ ቆመው ይቀዱ ነበር። ማንም ምን ትላላችሁ አላላቸውም፤ እሱም አላላቸውም። አፈረ።

«አዎ» አለ፣ ሚስጥርን ሳያያት። «እፊቴ ነው። ዋጋውን የወሰንኩትም እኔ ነኝ። እነሱን ብቻ ጥፋተኛ እንዳታደርጊ።»

ሚስጥር ጻፈች። ሁለቱም ጎንደር እንደሚጠሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ዋጋ እንዲያወጣ ተናግራ ወደ ማኪናዋ ሄደች። ዋኘው እንደገና ከደጅ ደጅ ሊዞር ነው፤ እንደገና አንተም ተው አንተም ተው ሊል ነው። ይህን ሲያስበው ድካሙ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ።

ቢያዝን ወደ ወፍጮው አፍ ሄዶ የአያ ዋኘውን ገብስ በሁለት እጁ አቀፈና ተሸክሞ ወደ ጥጉ ወሰደው። ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቀና አለ፤ ቆሞም ጠበቀ።

ዋኘው ከበርጩማው ተነሣ። ወረፋ ከያዙት ሴቶች መሀል ገባና፣ እንደ እነሱ አንገቱን አስግጎ የሚዛኑን መርፌ ማየት ጀመረ።