የተመረቀው ጥሩምባ ነፊ

ገብረ ሥላሴ ጥሩምባውን ከአፉ አውርዶ ጆሮውን ወደ ቁልቁለቱ ይጥላል። ቤቱ ከመቱ ገበያ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ነው። ሚስቱ ተጂቱ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከዚህ ሆኖ የሚሰማው ግን የከበሮውን ጠፍር የሚያጠብቁትን ሰዎች ማጉረምረም ብቻ ነው።

ከጎሬ ይመጣል የተባለው የጣሊያን ሹም እስካሁን አልደረሰም። ስምንቱ ሙዚቀኞች ከማለዳ ጀምረው አደባባዩ ላይ ቆመዋል፤ አንዱ ማርሽ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል።

ወደ አስተርጓሚው ጠጋ ይላል። «ጌታዬ፣ ባለቤቴ ምጥ ላይ ናት። አንዴ አይቻት ልመለስ።»

አስተርጓሚው ሙዚቀኞቹን ለሚያዘው ጣሊያናዊ ካፒቴን ይነግርለታል። ካፒቴኑ ሳይቆጣ አጭር መልስ ይሰጣል።

«ከበሮ መቺ ሦስት አለኝ፤ ጥሩምባ ነፊ ግን ያለኝ አንድ ነው ይላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ሳያስፈቅድ የሄደውን አብደታን አይተሃል አይደል? አርፈህ ንፋ፣ ወንድሜ።»

አይቷል። አብደታ ከተገረፈ ሳምንት አልፎትም የሚተኛው በሆዱ ነው።

አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ሙዚቃ ተምሮ ሲመረቅ፣ አባቱ የምስክር ወረቀቱን በመስተዋት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር። ጣሊያን መቱ የገባ ሰሞን ፈታሾቹ ቤቱ ገብተው ያገኙት ያንን ወረቀት ነው። ጠመንጃ ሊፈልጉ መጥተው ጥሩምባ ነፊ ይዘው ሄዱ።

የካፒቴኑ በትር ይነሳል። ገብረ ሥላሴ ይነፋል።

ማርሹ መሀል ላይ ሳለ ከቁልቁለቱ የሴቶች ድምፅ ይመጣል። እልልታ ይሁን እሪታ፣ የገዛ ጥሩምባው አላሰማ ይለዋል። ትንፋሹን ቀነስ ያደርጋል። ካፒቴኑ ዞር ብሎ ያየዋል። መልሶ ጉንጩን ይሞላል።

ማርሹ እንዳለቀ ጎረቤቱ እትዬ ኩልሱም ሰዉን እየገፉ ብቅ ይላሉ። ዘበኛው በሰደፍ ያግዳቸዋል።

«ኢንተላ!» ይላሉ እየጮኹ። «ሴት ልጅ! ተጂቱም ተርፋለች፤ ደም ፈሷት ደክማለች እንጂ ደህና ናት! የት አለ እያለች ነው፣ ና እንጂ!»

ሳቅም ለቅሶም የሆነ ነገር ያመልጠዋል።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» ይለዋል አስተርጓሚው፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ።

ወዲያው አንድ ባለሞተር ሳይክል ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይደርሳል። የሹሙን መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል ይላል፤ ሙዚቀኞቹ እዚያው ድረስ ሄደው ይቀበሏቸው ተብሏል።

«መቼ ነው የምንመለሰው?» ይላል ገብረ ሥላሴ፣ ሙዚቀኞቹን የሚጭነው ካሚዮን ላይ እየወጣ።

«እንጃ» ይላል አስተርጓሚው። «ሹሙ ጎሬ ከተመለሱ እናንተም እዚያው ናችሁ።»

ካሚዮኑ ቁልቁለቱን ይወርዳል። የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንዲት ሴት የእጣቢ ውሃ ይዛ ደጅ ቆማለች። ከኋላዋ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ቀጭን የሕፃን ለቅሶ ይወጣል።

ገብረ ሥላሴ የካሚዮኑን የጎን ብረት ይዞ ይነሳል፤ «ተጂቱ!» ሊል አፉን ይከፍታል።

ሴትዮዋ ቀና ትላለች። የምታየው ካኪ የለበሱ ሰዎችን ነው። ውሃውን እዚያው ደፍታ ትገባለች። «ባንዳ መጣ!» ሲባል፣ መወርወሪያው ከውስጥ ሲጣል ይሰማል። የሕፃኗ ለቅሶ፣ አፏን በእጅ የያዙባት ይመስል፣ ቀጥ ይላል።