ሥራ የበዛበት አናጢ

ሥራ ከጠፋ ወዲህ አናጢው አብልጦ የሚፈራው ችግሩን ሳይሆን ሚስቱን ነበር።

ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይደለም፤ ጭንቀታም ናት። ገበያ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም፣ እህል አይወርድላትም። ከጓሮ ያለው የሥራ ክፍል ጸጥ ካለ ኩሽናዋን ጥላ ትመጣና በሩ ላይ ትቆማለች። የእንጨት ብናኝ ደረቷን ስለሚያፍናት ወደ ውስጥ አትዘልቅም።

«ዛሬም የመጣ ሰው የለም?»

«ይመጣል። ገና ጠዋት እኮ ነው።»

«አይ እንግዲህ…» ትልና እግሯን እየጎተተች ትመለሳለች። ያቺ «አይ እንግዲህ» አንጀቱን ትበላዋለች።

አንድ ቀን የሚቀመጥበት በርጩማ እግሩ ተነቃንቆ ምስማር ይመታለት ጀመር። ከኩሽና የሚስቱ እንጉርጉሮ ተሰማው። ከስንት ጊዜ በኋላ! መዶሻውን አሳረፈ፤ እንጉርጉሮውም ቆመ። ደግሞ መታ፤ ደግሞ አንጎራጎረች። አናጢው እንደ ሕፃን ልጅ ደስ አለው። ለጭንቀቷ መድኃኒት አገኘ።

ከዚያ ወዲያ ማልዶ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ መዶሻውን ያወርደዋል። አንድ አሮጌ ቁም ሳጥን አለው፤ ጠዋት ይገጣጥመዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይፈታታዋል። ለሚስቱ የነገራት የትምህርት ቤት ዴስክ በብዛት እንደታዘዘ ነው። ለክፉ ቀን ብሎ ያከማቸውን ጣውላ በሸራ እየሸፈነ በጓሮ በር በጋሪ ያስወጣና ይሸጣል። እሷ ጋሪውን ስታይ «ተመስገን፣ ዴስኩ ወጣ» ትላለች። ቤቱም በዚሁ ይተዳደራል።

ውሸቱ ከጠበቀው በላይ ሰመረለት። ሚስቱ ስለ ገበያ መጠየቅ እርግፍ አድርጋ ተወች። ጭራሽ አመሻሽ ላይ ትከሻውን እያሸች ትቆጣው ጀመር።

«ሰው እኮ ነህ፤ ብረት አይደለህ! ትንሽ ብታርፍ ምን ይልሃል?»

«ሥራ ሲመጣ ነው መሥራት» ይላታል ኮራ ብሎ። እሱ ራሱ ሊያምነው ምንም አልቀረው።

ሰላም የነሳው ሌላ ሰው ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጎረምሳ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቷል። እንደከፈተ ሰሞን እሱም ዝንብ እሽ ሲል ይውል ነበር። ኋላ ግን ምን እንደተገለጠለት እንጃ፣ ደጁ በሰው ይሞላ ጀመር። የሰው ዓይነት ደግሞ! አናጢው ምስማር ሊገዛ ብቅ ባለ ቁጥር የሚያየው የገዛ ደንበኞቹን ነው። አንዷ የአልጋ ራስጌ አሸክማ ትገባለች፤ ሌላው የታደሰ ጠረጴዛ ይዞ ይወጣል። ጎረምሳው ደግሞ አናጢውን ሲያይ ሥራውን አቁሞ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ሲያሾፍ ነው፣ ይላል አናጢው በሆዱ። ሰርቆኝ ሲያበቃ ይሰግድልኛል።

አንድ ረፋድ ላይ መምህሩን ከዚያ ሲወጡ አገኛቸው። ለዓመታት ደንበኛው ነበሩ። አላስችል አለው።

«ምነው ጋሼ፣ በደልኩዎት እንዴ?»

መምህሩ ደነገጡ። «ኧረ በፍጹም! አንተን ማስቸገር እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው እንጂ።» ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና «አይዞህ፣ ራስህን ጠብቅ» ብለውት ሄዱ።

ራስህን ጠብቅ! አናጢው ባለበት ደርቆ ቀረ። ለካ ጎረምሳው ስሙን እያጠፋ ኖሯል። ግን ምን ብሎ? እጁ ይንቀጠቀጣል ብሎ? በሽተኛ ነው ብሎ?

ለሚስቱ ነገሩን ዳር ዳር አላት። «ያ የማዶው ልጅ ዓይኑ ደስ አይለኝም።»

«ተወው ባክህ፣ እሱም ይኑር» አለችው። «ሁሉን አንተ ካልሠራህ ልትሞት ነው?»

የዋህነቷ አናደደው።

ጣውላው አለቀ። የቀረው መላጊያ ማሽኑ ብቻ ሆነ፤ ወጣትነቱን ገብሮ የገዛው፣ በእጁ ዘይት እየቀባ ያኖረው። እሱ ከተሸጠ አናጢነቱም አበቃ ማለት ነው። አንድ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ለመሆን ከወዲሁ ተነጋግሯል። ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ግን አያውቅም። በአካባቢው ደግሞ ማሽኑን የሚገዛ አቅም ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። ጥርሱን ነክሶ መንገዱን ተሻገረ።

ጎረምሳው ዘሎ ተነሳ። ወንበር በጋውኑ ጠራርጎ አቀረበለት።

«ጋሼ! ምን ልታዘዝ?»

«መላጊያ ማሽኔን ልሸጥ ነው። ትወስደዋለህ?»

«የእርስዎን? ምነው?»

«የተሻለ ላስመጣ ነው» አለ አናጢው። ውሸት አንዴ ከለመደ አፍ ላይ ይቀላል።

ተስማሙ፤ ተጨባበጡ። ተሸካሚዎች ማሽኑን በጓሮ በር አውጥተው አሻገሩት። ማሽኑ ከሰው ቤት ግድግዳ ሥር ሲቀመጥ አናጢው ቆሞ አየ።

«እንግዲህ ምንም አላስቀረህልኝም» አለ ድምፁ እየሻከረ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ደንበኞቼን ምን ብለህ ነው ያስኮበለልካቸው?»

ጎረምሳው ግራ ተጋብቶ አየው።

«እኔ ምን አልኩ ጋሼ? እትዬ አይደሉ እንዴ በግቢያችሁ በር ላይ ቆመው፣ ‹መዶሻውን አትሰሙም? የኔን ሰው ሥራ ሊገድልብኝ ነው፤ ማዶ ሂዱ› እያሉ ሁሉንም የሚልኩልኝ!»