ቢጫዋ ዶቃ

ለፍተሻ የመጣው ካድሬ ማራኪ በሚባለው ግቢ ካለው የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ አንድ የዶቃ መሰላል አንሥቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። መምህሩ፣ የድሮ የዶርም ጓደኛው፣ ከወዲሁ የታሰረ ይመስል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። መሰላሉ በሁለት ክር ተሰክቶ እንደ ሹሩባ የተጠማዘዘ የዘረ መል ሞዴል ነበር። ከቀዮቹ ዶቃዎች መሃል አንዲት ቢጫ ገብታለች።

«ይቺስ የየትኛው ድርጅት ምልክት ናት?»

«ድኝ ናት፣ ጓድ። በኦክስጅን ቦታ የተተካች።»

«ማን ፈቀደላት?»

«ኬሚስትሪ። ቅርጹን ብዙም አትለውጠውም። ሊቆርጠው የሚመጣው ኢንዛይም ግን እሷ ጋ ሲደርስ ጥርሱ ይዶለዱማል።»

ካድሬው ሊስቅ ሲል ጣቱ ዶቃዎቹ ከተሰኩባቸው ክሮች በአንዱ፣ በደበዘዘው ጥቁር ክር፣ ቋጠሮ ላይ ቆመ።

«ምነው፣ ይቺን ክር አልጣልካትም?»

«ዶርም ሳለን ከአንገትህ ፈትተህ ጣላት ብለኸኝ ነበር» አለ መምህሩ፤ «እናትህ ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ላይ ያሰሩልህን ማተብ እንዴት ልጣል?»

ካድሬው መሰላሉን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰ። በር ላይ ለቆሙት አብዮት ጠባቂዎች «ሳይንስ ነው፣ ተዉት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ እስከ ጉሮሮው የቆለፈውን ኮሌታ አንድ ቁልፍ ፈታ። ከሥሩ አዲስ ጥቁር ክር ታየ።

«እናቴ ሌላ አሰረችልኝ» አለ በሹክሹክታ፤ «ቅርጼን ብዙም አልለወጠውም።»