እናቴ የጻፈችው ነጭ ገጽ

ወላጅ የከለከለው ገጽ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ነጭ ሆኖ ይታየዋል፤ ሕጉ ነው። እናቴ ከመሞቷ በፊት በጻፈችው መጽሐፍ መጨረሻ እንዲህ ያለ ገጽ ነበር። አባዬ ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ፣ ጣቱን በባዶው ላይ እያስኬደ፣ ስለ አንዲት እርግብ ያነብልኝ ነበር። በቃሌ ይዤዋለሁ።

ዛሬ አሥራ ስምንት ሞላኝ፤ ፊደሉም ብቅ አለ።

"አባዬ፣ እርግቧ የታለች?"

"ሕፃን ነበርሽ፣ የኔ ልጅ። እናትሽ ስለ ራሷ ሞት የጻፈችውን እንዴት ላንብብልሽ?"

"የመጀመሪያውን መስመር አሁን አንብብልኝ።"

መነጽሩን አደረገ፤ መጽሐፉን ግን መልሶ ለእኔ ሰጠኝ።

"ለእርግቧ ምላስህ አልተሳሰረም ነበር" አልኩና ራሴ አነበብኩለት፦ "ይህ ለልጄ ለምጽላል ነው፤ ማንበብ የቻለች ዕለት ስጧት።"

ማንበብ የቻልኩት በስድስት ዓመቴ ነው። ያስተማረኝም እሱ ነው።